ያልተነሳ ጣት

ሌሊት ሰባት ሰዓት ስልኬ ቢንጫጫብኝ፣
«ና ውረድ» አለ ሙሄ፤ «ክንዱ ቆመብኝ።
ሪሞቱ ይበራል፣ ሰዓቱም ይሄዳል፤
ብነካው፣ ብጫነው፣ ጆሮው ተደፍኗል።»

ጉም ከጦሳ ወርዶ ደጃፌን ዘግቶታል፤
የፋብሪካው ፒካፕ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቀኛል።
በሐረጎ ጥምዝ ጆሮዬ ተደፍኖ፣ ጆሮዬ ተከፍቶ፣
ሹፌሩ ሲያወራ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹ መንገድ ቀርቶ።
ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቤን ገፍፌ፣
የቦርከናን ወበቅ በሸሚዝ ታቅፌ
ገባሁ።

ክንዱ ሃምሳ ኪሎ ዱቄት አንጠልጥሎ
እንደ ተገዘተ ባለበት ቀጥ ብሎ፤
ከሥሩ የጆንያ ሰልፍ። የሺፍት ኃላፊዋ ትርንጎ
«ጫኞቹን ልጥራ ወይ?» ትላለች፣ ዓይኗ ሰዓት ፈልጎ።

ሙሄ ቀና አላለም።
ከሦስት ዓመት በፊት ጫኝ ነበር እሱም፤
ይህን ሁሉ ጆንያ በትከሻው ያውቀዋል፤
ሪሞቱን የሰጡት ቀን «ወገቤ ተመለሰ» ብሏል።

መጀመሪያ ቀይዋን፣ የጭንቁን ቁልፍ ያዝኩ፤
አዞርኳት፣ ዘለለች፤ በነጻ ለቀቅኩ።
ኬብሉን ከሥሩ እስከ ጫፉ ዳሰስኩ፣
የሶኬቱን ጥርሶች በስልኬ መብራት ቆጠርኩ፤
ፎርክሊፍት ረግጦት፣ አንዱ ታጥፎስ ቢሆን?
አልታጠፈም። ይሁን።

ከጀርባው ያለችው መያዣስ?
እሷ እንኳ ጠባይዋ የሰው ነው፦
ስትለቃት ታቆማለች፤
ደንግጠህ ብትጨብጣት ያን ጊዜም ታቆማለች፤
በልኩ ለያዛት ብቻ ትሠራለች።
ያዝኳት፤ ጠቅ አለች። ደኅና ነች።
አጥፍቼ አበራሁ፤ እስከ ስልሳ ቆጠርኩ፤
ምስሉ መጣ፣ ቀለሙ መጣ፣ ጣቴን ሰደድኩ፦
ምንም።

የአዲስ አበባው ወኪል፣ እንቅልፍ እንደ ያዘው፣
«ስክሪኑ ሞቷል» አለ፤ «አዲስ እስኪገባ ሦስት ወር ነው፤
እሱም ዶላር ከተገኘ ነው።»
ስልኩን ላውድ አድርጌው ነበር፤ ሙሄ ሰማው፤
እጁ ሳያስበው ወገቡን ያዘው።

ያኔ ነው ያየሁት።
ከስክሪኑ ጥግ፣ ከታች፣ በስተቀኝ፣
ጤፍ የምታህል ነጥብ ስትንቀጠቀጥ ታየችኝ፤
የነካ ሰው ሳይኖር የተነካ ቦታ።
«ሙሄ፣ ይህን ላስቲክ ማነው ያለበሰው?»
«እኔ» አለ። «ዱቄት እንዳይገባው።
ቤት የቴሌቪዥኑን እንደምናለብሰው።»

ወር ሙሉ የኮምቦልቻ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሰርስሮ
ላስቲኩ ተኮማትሯል፣ ፕላስተሩ ተወጥሮ፤
ከእጥፋቱ ሥር ዱቄት በእጅ ላብ ታሽቶ፣ ጠጥሮ፣
ጥፍር የማትሞላ ሊጥ ጥጉን ጫን ብላው
ቀንም ሌትም፣ ሳትታክት፣ ሳትለቀው።

ደንቆሮስ አልነበረም።
ሲሰማ ነው የኖረ፤ አንድ ጣት፣ የማይነሳ፤
የእሱን ሳይጨርስ የኛን ከየት ያንሳ?

በምላጭ ቀደድኩት፤ ሊጧን በጥፍሬ ፋቅኳት።
ፍጥነቱን ዝቅ አድርጌ ነካሁት።
ጢጥ።
ክንዱ ወረደ፤ የተኛ ሕፃን እንደሚያወርድ ሰው
ጆንያውን ከቦታው አኖረው።
ትርንጎ «እሰይ!» ብላ ወደ ስልኳ ዞረች።

ሙሄ ላስቲኩን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።
«ምን ብለህ ትጽፋለህ?» አለኝ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳይነቅል።
ቅጹ ላይ «የብልሽቱ ምክንያት» የሚል መስመር አለ።
«ሙቀት» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይባልም።

ሊነጋጋ ደሴ ወጣሁ፤ ጉሙ አልተነሳም።
ቤቴ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት
በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ በክር ታስሮ፤ የጦይባ እጅ ነው።
መቀስ አነሳሁ።
ቋጠሮዋን አየሁና፣ ትንሽ ቆየሁና፣
ትቼው ተኛሁ።